የጀልባችሁ ሞተር ሲደክም፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ጽሑፍ በሐይቅ ዳር ለምትኖሩ፣ በማኅበራችሁ ስም ባለ ሞተር ጀልባ ላላችሁ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች የተጻፈ ነው። ጀልባ የሌላችሁም አንብቡት። በጀልባ ተሳፍራችሁ ገበያ ትሄዳላችሁና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ስለ ምን እንነጋገራለን? ኃይሉ ስለ ደከመ ሞተር ነው። ጨርሶ ስለ ቆመው አይደለም። የቆመ ሞተር መበላሸቱን ራሱ ይናገራል። የደከመ ሞተር ግን ያታልላል። ይሄዳል፤ ግን እንደ ትናንቱ አይሄድም። ሰውም «ይሄዳል እኮ» እያለ ይነዳዋል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ያየሁትን ላጫውታችሁ

አንድ ቀን ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ጀልባ ተሳፈርሁ። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ስምንት ኩንታል ዳጉሳም ተጭኗል። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ተነሣ። ጣናን የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሞተሩም በዚያው ሰዓት ደከመ።

ነጂው በዕድሜ የገፉ፣ ሐይቁን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ምን ሆነ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ምንም አይደል ልጄ፣ ነዳጅ ሲጨመርለት ይነቃል» አሉና መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት። ሞተሩ ትንሽ ተሻለው። ደግሞ ደከመ። እሳቸውም እንደ ጠመዘዙት ያዙ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ደርቆ ቀረ። ገመዱን ቢስቡት አልንቀሳቀስ አለ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ እየተፈራረቅን ቀዝፈን ወደ ዳር ደረስን። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያንገላታው ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት ታለቅስ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሞተሩ ግን ሞተ። ሲፈታ ፒስተኑ ቀልጦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? የቤንዚን ማጣሪያው ነው፤ ባለሙያዎች ፊልትሮ የሚሉት። በዝገትና በቆሻሻ ግማሹ ተደፍኖ ነበር። በእጅ ተፈትቶ በአምስት ደቂቃ የሚታጠብ ዕቃ! የአምስት ደቂቃ ሥራ ስላልተሠራ ማኅበሩ ስንት ዓመት ያጠራቀመበትን ሞተር አጣ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን የፈቱት መካኒክ ዘንድ እየተመላለስሁ ጠየቅሁ። የሞተሩንም መመሪያ መጽሐፍ አነበብሁ። የተማርሁትን እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

ሞተሩ ምን በልቶ ይሠራል?

አሮጌ የጀልባ ሞተሮች በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ናቸው። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወጣ ቤንዚኑንና አየሩን ያምቃል። እሳት ሲነሣ ደግሞ ተገፍቶ ይወርዳል። ሁለት ምት ማለት ይህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ 5,000 ጊዜ እሳት ይነሣል። የአራት ምት ሞተር ግን በዚያው ዙር 2,500 ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሣው።

ምድጃችሁን አስቡ። እሳት እንዲነድ ምን ያስፈልጋል? እንጨት፣ ፍምና አየር። ሞተርም እንደዚያው ነው። ቤንዚን እንጨቱ ነው። ካንዴላ ፍሙን ይሰጣል። አየርም ይገባል። በዚህ ላይ ሞተር አራተኛ ነገር ይፈልጋል፤ እሱም እመቃ ነው። ቤንዚኑና አየሩ ታምቀው ካልተያዙ እሳቱ ፒስተኑን አይገፋም። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ይደክማል። አምስተኛ ደግሞ ውሃ አለ። ውሃው ሞተሩን ያቀዘቅዛል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ።

የአራት ምት ሞተር ዘይቱን ለብቻ በሆዱ ይይዛል። ባለ ሁለት ምቱ ግን እንዲህ አይደለም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ጨው በወጥ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ሆድ እንደሚገባ ማለት ነው። ወጡ ካልደረሳችሁ ጨውም አይደርሳችሁም። እንዲሁም ቤንዚኑ ሲጎድል ዘይቱም አብሮ ይጎድላል።

ይህ ምን ያስከትላል? ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይደክማል። ቤንዚን ያነሰው እሳት ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። ፒስተኑ ይግላል፣ ዘይትም የለውም። በዚህ ጊዜ ነጂው «በርታ» ብሎ ነዳጅ መስጫውን ቢጠመዝዝ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። በእኛ ጀልባ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ የደከመን ባለ ሁለት ምት ሞተር በግድ አትንዱት። የታመመ በሬ በጅራፍ አይድንም።

የሐይቁን ከፍታ አትርሱ

አንዳንድ ሰው አዲስ ሞተር ገዝቶ «40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሸጠልኝ፤ ግን ያን ያህል አይገፋም፤ ተታለልሁ» ይላል። ላይታለል ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ ስድስተኛው ያህል ይጎድላል። አየር ሲጎድል ኃይልም ይጎድላል። በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ጣና ላይ ከ33 ወይም ከ34 ብዙ አይዘልም። ይህ በሽታ ሳይሆን የቦታው ጠባይ ነው።

ስለዚህ ሞተራችሁን ከወረቀቱ ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ጋር አወዳድሩ። በዚያው ጭነት፣ በዚያው መንገድ፣ ትናንት በአንድ ሰዓት ይደርስ ከነበረ ዛሬ ግን ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ ያን ጊዜ ሞተሩ ደክሟል ማለት ነው። ጭነቱ ጨምሮ ከሆነ፣ ወይም የጀልባው ሆድ ውሃ ቋጥሮ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ

ጀልባው ቀስ አለ። ማን ነው የደከመው? ሞተሩ ወይስ ፕሮፔለሩ? ፕሮፔለር የምንለው በውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ዕቃ ነው። ድምፁን ስሙ።

ሞተሩ በኃይል እየጮኸ ጀልባው ግን ካልሄደ፣ ሞተሩ ደኅና ነው። ጥፋቱ ታች ነው። ሞተሩን አጥፉና አንሡት። ሞተሩ እየሠራ እጃችሁን ወደ ፕሮፔለሩ በጭራሽ አትስደዱ፤ ጣት ይቆርጣል። ክንፉ ተሰብሯል ወይስ ተጣሟል? ሣር ወይም መረብ ተጠምጥሞበታል? እምቦጭ በጣና ላይ በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከታየ ወዲህ ይህ ችግር በዝቷል። በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ደግሞ ጎማ አለ። ጎማው ካረጀ ዘንጉ ይዞራል፤ ክንፉ ግን እኩል አይዞርም። ቀስ ብሎ ሲነዳ ደኅና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲጨመርለት ግን ይንሸራተታል። ይህ ከሆነ ፕሮፔለሩ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ዓሣ አስጋሪዎች ሆይ፣ የናይለን ክር ከተጠመጠመ ከላይ ብቻ ቆርጣችሁ አትተዉት። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ከኋላው ያለውን ክር ሁሉ ልቀሙ። ክሩ ወደ ውስጥ እየገባ የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጠዋል። ከዚያ ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል። የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

የሞተሩ ድምፅ ራሱ ዝቅ ካለ፣ ካጉረመረመ ወይም ከተንተባተበ ግን የደከመው ሞተሩ ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ሐይቅ መካከል ሳላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፦ ነዳጅ መስጫውን መልሱ። ከግማሽ በታች አድርጉት።

ሁለተኛ፦ ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚፈሰውን ውሃ ተመልከቱ። ይህ ውሃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ውሃው ቀጥኖ ከሆነ ወይም ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ በሣር ወይም በላስቲክ ተደፍኖ ይሆናል፤ ጥረጉት። ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ውሃው ካልመጣ በውስጥ ያለው የውሃ ፓምፕ ጎማ አልቋል። ያን ጊዜ ሞተሩን አታስነሡ፤ ቅዘፉ።

ሦስተኛ፦ የቤንዚኑን ጋን ክዳን ተመልከቱ። በክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ ብሎን አለች። ጀልባ ሲጓጓዝ ትዘጋለች፣ ሲነዳ ግን መከፈት አለባት። ተዘግታ ከተረሳች ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር አይገባም። ጋኑ ቤንዚኑን መልሶ ይስባል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ደኅና ይሄድና ይደክማል። ብሎኗን ስትፈቱ «ሽሽ» የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱን አገኛችሁ።

አራተኛ፦ በቤንዚኑ ቱቦ መካከል እንደ እንቁላል ያበጠውን ጎማ ጭመቁ። ይህ እንቁላል ብዙ ይናገራል። ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

ሀ. እንቁላሉ ጠፍጥፎ ከተገኘ፣ በእሱና በጋኑ መካከል መንገዱ ተዘግቷል። ወይ የአየር ብሎኗ ናት፣ ወይ በጋኑ ውስጥ ያለው ወንፊት ነው።

ለ. ስትጨምቁት ውላችሁ ካልጠነከረ አየር የሚስብ ቦታ አለ። ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ማያያዣው ላልቷል። በእንቁላሉ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱንም እዩ። ተገልብጦ የተገጠመ ቱቦ ቤንዚን አያሳልፍም።

ሐ. ሞተሩ እየሠራ ደጋግማችሁ ስትጨምቁት ኃይሉ ከተመለሰ፣ በሞተሩ ላይ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ደክሟል። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል ወይም ጠንክሯል። አንድ ሰው እንቁላሉን እየጨመቀ ቀስ ብላችሁ እስከ ዳር መድረስ ትችላላችሁ።

አምስተኛ፦ ወደ ቅርቡ ዳር ሂዱ። ወዳሰባችሁት ገበያ አይደለም፣ ወደ ቅርቡ ዳር። ገበያ በሌላ ቀንም አለ።

ዳር ስትደርሱ የምትሠሩት

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ ይራቁ። ቤንዚን በትነቱ ይያያዛል። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ።

1. ማጣሪያውን እዩ። ፈታችሁ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡት። ከሥሩ የቆሸሸ ነገር ወይም ውሃ ካለ አፍስሱት።

2. ቤንዚኑን መርምሩ። ከጋኑ ሥር ጥቂት ቀድታችሁ በነጭ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። ሩብ ሰዓት አቆዩት። ውሃ ካለበት ውሃው ከታች ይዘቅጣል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይሆናል። መስመሩ በዓይን ይታያል። ውሃ ያለበትን ቤንዚን ለሞተሩ አትስጡ። ወራት የቆየ ቤንዚንም ኃይሉ ይሞታል፤ እንደ ሙጫም እየሆነ ቀዳዳ ይደፍናል።

3. ድብልቁን አስቡ። ዘይቱን የቀላቀለው ማን ነው? ስንት አደረገ? በግምት የሚቀላቅል ሰው ሞተር ይገድላል። በመመሪያው ላይ 50 ለ 1 የሚል ከተጻፈ፣ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ማለት ነው። እስቲ አብረን እናስላ። 10 ሊትር ቤንዚን 10,000 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ለ50 ስናካፍለው 200 ይመጣል። ስለዚህ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለ20 ሊትር 400። ለ25 ሊትር 500፣ ማለት ግማሽ ሊትር። መመሪያው 25 ለ 1 የሚል ከሆነ ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፤ ለ10 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር። የሞተራችሁን ልክ ራሳችሁ አንብቡ፤ የጎረቤት ሞተር ልክ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ይጣበቃል። ዘይት ሲበዛ ደግሞ ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ሞተሩም ይደክማል። «ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል» የምትሉ ይህን አስታውሱ። አንዳንድ ሞተር ዘይቱን ለብቻ በትንሽ ጋን ይዞ ራሱ በፓምፕ ይቀላቅላል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ ያን ጋን በየጉዞው እዩት።

4. ካንዴላውን አንብቡ። አዎ፣ ካንዴላ ይነበባል! ፊደል እንዳነበባችሁ እሱንም ታነቡታላችሁ። በካንዴላ መፍቻ አውጡትና ጫፉን ተመልከቱ።

እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው።

ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል። በደጋ ሐይቅ ላይ ይህ ይደጋገማል፤ የሞተሩ የቤንዚን ቀዳዳ የተለካው ለባሕር ዳርቻ አየር ነውና። ባለሙያ በጠበበ ቀዳዳ ሊለውጠው ይችላል።

ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ሳይነድ ቀርቷል። እሳቱ ደካማ ነው፣ ወይም ዘይቱ በዝቷል።

እንደ አመድ ነጭ ከሆነ ተጠንቀቁ! ቤንዚን አንሶት በጣም ግሏል። ፒስተኑ ሊቃጠል የቀረው ጥቂት ነው። ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦች ካሉ ደግሞ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። ይህን ካያችሁ ሞተሩን አታስነሡ፤ ወደ መካኒክ ውሰዱት።

የቆሸሸውን ካንዴላ በአዲስ ለውጡ። ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። የካንዴላ ዋጋና የፒስተን ዋጋ አይገናኙም።

5. ሁለቱም ሲሊንደሮች ይሠራሉ? ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንዱ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ኃይሉም ከግማሽ በታች ይሆናል። ይህን ለማወቅ ጀልባውን ዳር አስራችሁ፣ የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ እንዳለ ሥሩ። ያለ ውሃ ማስነሣት ክልክል ነው፤ የውሃው ፓምፕ ጎማ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ሞተሩን አጥፉ። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉ። ከላይኛው ካንዴላ የኤሌክትሪኩን ቆብ ንቀሉ። ቆቡ ውስጥ ሌላ ደኅና ካንዴላ ሰኩ። የዚያን ካንዴላ ብረት ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር በሽቦ እሰሩት። አሁን ሞተሩን አስነሡ። ሞተሩ ልክ እንደ ቅድሙ ከሠራ፣ ድሮውንም የላይኛው ሲሊንደር አይሠራም ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ከባሰበት ግን የላይኛው ደኅና ነው፤ አጥፉና የታችኛውን በዚሁ ዓይነት ፈትኑ። ሞተሩ እየሠራ ቆቡን በባዶ እጅ አትንኩ። በተለይ እርጥብ እጅ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ክፉኛ ይመታል።

የማይሠራውን ሲሊንደር ካወቃችሁ የሁለቱን ካንዴላዎች ቦታ አለዋውጡ። ድካሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ጥፋቱ የሽቦው፣ የካርቡራተሩ ወይም የእመቃው ነው።

6. ካርቡራተሩን ፈትኑ። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ ነው። ሳትፈቱት በፊት በማነቂያው መፈተን ትችላላችሁ። ማነቂያ ማለት ጠዋት ሞተር ስታስነሡ የምትስቡት፣ አየሩን የሚዘጋው እጄታ ነው። ሞተሩ ደክሞ ሲሄድ ማነቂያውን ለአፍታ ትንሽ ሳብ አድርጉት። ሞተሩ ከነቃ ቤንዚን ርቦታል፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ወይም ቤንዚኑ በደንብ አይደርስም። ከባሰበት ግን ቤንዚን አላነሰውም፤ ወደ ካንዴላውና ወደ እሳቱ ተመለሱ።

ካርቡራተር ከተፈታ በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ይታጠባል። ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩ። ቀዳዳው በጣም በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል።

7. የመጨረሻው እመቃ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደኅና ሞተር ይገታል፣ እጅን ይይዛል። ገመዱ እንደ ባዶ ከመጣ እመቃው ደክሟል፤ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ወይም ሲሊንደሩ ተቧጥጧል። መካኒክ በመለኪያ ይለካዋል። የሁለቱ ሲሊንደሮች ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ልዩነቱ ከመቶ ከ10 ከበለጠ አንዱ ታሟል። ይህን በሐይቅ ዳር በካቻቢቴ ልፍታው አትበሉ፤ ለባለሙያ ተዉት።

ለምን በዚህ ተራ?

አንዳንድ ሰው ሞተር ሲደክም መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራተሩን ነው። አንዳንዱ ከዚያም አልፎ የሲሊንደሩን ራስ ይከፍታል። ጥቃቅን ብሎኖች አሸዋ ላይ ይጠፋሉ። በመጨረሻ ምክንያቱ የጋኑ ክዳን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው ሂዱ።

ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አንዱን ለውጣችሁ ሞተሩን ፈትኑት። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። በሚቀጥለው ሲደክም እንደገና ከባዶ ትነሣላችሁ።

አንድ ደብተር ለአንድ ሞተር

ማኅበራችሁ ለበሬው ባይሆን ለሞተሩ ደብተር ይግዛለት። ጽሑፉ አጭር ይሁን። እንዲህ፦

«ጥቅምት 5። ቤንዚን 20 ሊትር፣ ዘይት 400 ሚሊ ሊትር። ማጣሪያ ታጠበ።»

«ጥቅምት 19። ካንዴላ ሁለቱም ተለወጠ። የላይኛው ነጭ ነበር።»

«ኅዳር 2። ከደሴቱ እስከ ወደቡ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጭነቱ እንደ ወትሮው።»

ይህች ደብተር ምን ታደርጋለች? የላይኛው ካንዴላ ነጭ መሆኑ ጥቅምት 19 ተጽፏል። ኅዳር 2 ጉዞው ዘገየ። ሁለቱን አያይዞ ያነበበ ሰው «የላይኛው ሲሊንደር ቤንዚን እያነሰው ነው» ይላል፤ ፒስተኑ ሳይቀልጥ በፊትም ይደርስለታል። ነጂው ቢለወጥም ደብተሩ ይቀራል። አንዱ ያወቀውን ሌላው ያነበዋል። የቃል ነገር ግን ነጂው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጡትንም ጻፉ፦ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት መለዋወጫ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ። እነዚህ ሳይሟሉ ገመዱ አይሳብ።

እኒያን አዛውንት ነጂ ከዚያ ወዲህ አግኝቻቸዋለሁ። አሁንም በሌላ ጀልባ ይሠራሉ። ከጉዞ በፊት ማጣሪያውን ሲፈቱ አየኋቸው። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ያን ቀን የጠመዘዝሁት ነዳጅ መስጫ አልነበረም፤ የሞተሩን አንገት ነበር» አሉኝ።

እናንተ ግን እሳቸው የከፈሉትን አትክፈሉ። ነገ ጠዋት ጀልባችሁ ዘንድ ስትሄዱ ሦስት ነገር አድርጉ። የጋኑን የአየር ብሎን ክፈቱ። ማጣሪያውን ፈታችሁ እዩ። ካንዴላውን አውጥታችሁ አንብቡ። ሞተሩም ከደከመባችሁ አታስገድዱት፤ መልሱት፣ ወደ ቅርቡ ዳር ሂዱ፣ ምክንያቱን በተራ ፈልጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።